ስለ ጾምና ስለ ንስሐ፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቍጥር 16 እስከ 18

ጌታችን ሲጾሙ ፊታቸውን ስለሚያጠወልጉ ግብዞች የተናገረው፥ ጾምን ለመሻር አይደለም፤ ከሰው ዓይን ሰውሮ በአብ ፊት ለማቆም ነው እንጂ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1966 ባወጡት ድንጋጌ፥ በላቲን ሥርዓት በግድ የሚጾሙት ቀኖች የዐመድ ረቡዕና የስቅለት ዓርብ ብቻ ሆኑ። በየዓርቡ ከሥጋ መከልከል ጸና፤ ነገር ግን የየአገሩ ጳጳሳት በጸሎትና በምጽዋት ይለውጡት ዘንድ ተፈቀደላቸው። ብዙዎች መቅለሉን ተቀብለው ምትኩን ረሱ።

ያው ድንጋጌ ግን ንስሐ በምእመናን ሁሉ ላይ የተጣለ የእግዚአብሔር ሕግ መሆኑን ገለጸ፤ ድኻውና ሕመምተኛው መከራቸውን ከክርስቶስ ሕማም ጋራ ያስተባብሩ ዘንድ፥ ባለጠጋውም ራሱን እየገዛ ለተራበው ያካፍል ዘንድ መከረ።

እንግዲህ ሥጋውን ትቶ ቂሙን ያልተወ፥ ሥጋውንም በልቶ በምትኩ ጸሎትም ምጽዋትም ያላቀረበ፥ ሁለቱ በአንድ ጕድለት ይገኛሉ።