በአንድ ሰርቨር ላይ በሚገኙ የመረጃ ቋቶች የሚደረጉ ለውጦች ክትትል

አንድ ሰርቨር በርካታ የመረጃ ቋቶችን ሊይዝ ይችላል። የልደት ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድና የይዞታ ማህደር ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የለውጥ ክትትል ማለት ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መረጃ ከምን ወደ ምን እንደለወጠ መዝግቦ መያዝ ነው።

አሠራሩ እንደየሥርዓቱ ይለያያል። በማይኤስኪውኤል ባይነሪ ሎግ የሚባለው መዝገብ በሰርቨሩ ያሉትን ቋቶች ለውጥ በአንድ ላይ በቅደም ተከተል ይይዛል፤ በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን እያንዳንዱ ቋት የራሱ መዝገብ አለው። እነዚህ መዝገቦች በዋናነት የተዘጋጁት የጠፋ መረጃን መልሶ ለማግኘትና ቅጂ ለማስተላለፍ በመሆኑ፣ ለውጡን ያደረገውን ሰው ለመለየት ራሱን የቻለ የኦዲት መዝገብ ያስፈልጋል።

እርሱም ቢሆን ክፍተት ሊኖርበት ይችላል። አፕሊኬሽኑ ወደ ቋቱ የሚገባው በአንድ የጋራ የተጠቃሚ ስም ከሆነ፣ መዝገቡ የሚያሳየው ያንኑ ስም እንጂ የአባትዎን ስም የለወጠውን ባለሙያ አይደለም። ስለሆነም የባለሙያው መለያ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። መዝገቡ ከዚያው ሰርቨር ውጭ መቀመጡም አስፈላጊ ነው፤ ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ ለውጡን አድርጎ ዱካውን ሊያጠፋ ይችላልና።

በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ተገልጋዮች ስለራሳቸው የተያዘውን ዳታ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት አላቸው። በማህደርዎ ላይ የማያውቁት ለውጥ ካገኙ ለሚመለከተው ተቋም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የቀድሞውን ማስረጃ ቅጂ ያያይዙ፤ መረጃው ትክክል ሆኖ ያዩበትን የመጨረሻ ቀንም ይጥቀሱ። ፍለጋው የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። ማመልከቻውን አያዘግዩ፤ በማይኤስኪውኤል 8.0 ለምሳሌ ቅንብሩ ካልተለወጠ ባይነሪ ሎግ የሚቆየው ለ30 ቀናት ነው።