ቁስል ይድረቅ ወይስ ይርጠብ? ከተፈጥሮ የሚሠሩ የሃይድሮጄል መሸፈኛዎች

“ቁስሉን ክፈተው፣ አየር ይንካው፣ ይድረቅ” የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስልም። ቅርፊት ሲይዝም “ዳነ” እንላለን። የቁስል ሕክምና ግን ከስድሳ ዓመት ወዲህ ከዚህ ምክር እየራቀ መጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማዎች ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አበጅቶ ከፊሎቹን ለአየር ክፍት ተዋቸው፤ ከፊሎቹን በስስ የፖሊቲን ላስቲክ ሸፈናቸው። የተሸፈኑት በእጥፍ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አበቀሉ። ቆዳ የሚሠሩት ሴሎች ከቁስሉ ጠርዝ ተነስተው ወደ መሐል የሚጓዙት በእርጥበት ላይ ነው። ቅርፊት ካለ ግን በሥሩ እየሰረሰሩ ማለፍ ይኖርባቸዋል።

ሃይድሮጄል ምንድን ነው?

ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚፈጥሩት፣ ብዙ ውኃ የሚይዝ መረብ ነው። ጄሎ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ አብዛኛው ውኃ ቢሆንም አይፈስም። በቁስል ላይ ሲደረግ ለደረቀው ቦታ እርጥበት ይሰጣል፣ ያቀዘቅዛል፣ የሞተውን ሥጋ አለስልሶ የሰውነት ኢንዛይሞች እንዲያነሱት ይረዳል። እንደ ደረቅ ጎዝ ስለማይጣበቅም ሲነሳ ሕመሙ አነስተኛ ነው።

ጥሬ ዕቃው

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም ይወጣል፤ ሰንሰለቶቹን የሚያቆላልፈው ካልሲየም ነው። ካይቶሳን ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚዘጋጅ ሲሆን ደም በማቆም ችሎታው ይታወቃል። ጄላቲን ደግሞ ከከብት ቆዳና አጥንት ይገኛል።

በፖላንድ ያኑሽ ሮሲያክና ባልደረቦቹ የፈጠሩት ዘዴ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውኃ፣ ሰው ሠራሽ ፖሊመርና ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር ተቀላቅለው በማሸጊያቸው ውስጥ እንዳሉ የኤሌክትሮን ጨረር ያልፍባቸዋል። ጨረሩ ሰንሰለቶቹን ያቆላልፋል፤ በዚያው ቅጽበት ጀርሞችንም ይገድላል።

“ተፈጥሯዊ” ሲባል “ከጓዳ” ማለት አይደለም

እሬትና ማር በአገራችን ለቁስል ሲውሉ የኖሩ ናቸው። ማር በዘመናዊ ሕክምናም ቦታ አግኝቷል። ሆኖም ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር የክሎስትሪዲየም ዘር ሊኖርበት ስለሚችል በጋማ ጨረር ይጸዳል። ከጓሮ የተቆረጠ እሬትም ሆነ ከገበያ የተገዛ ማር ይህን ሂደት ስላላለፈ ለክፍት ቁስል አይመከርም።

ለየትኛው ቁስል?

ሃይድሮጄል የሚስማማው ለደረቀ፣ የሞተ ሥጋ ላለበት ቁስልና ለአነስተኛ ቃጠሎ ነው። ብዙ እዥ በሚወጣው ቁስል ላይ ከተደረገ ግን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ያርሰዋል፣ ይልጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል በደረቁ ተሠርቶ እዡን ሲመጥ ወደ ጄል የሚለወጥ የአልጂኔት መሸፈኛ የተሻለ ነው። ቃጠሎ ሲደርስ ከሁሉ በፊት ቦታውን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ሰፊና ጥልቅ ከሆነ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ ሃይድሮጄል ከተራ መሸፈኛ ይልቅ ቀላል የእግር ቁስሎችን ሊያድን እንደሚችል የሚጠቁም ማስረጃ አግኝቷል፤ የጥናቶቹ ጥራት ግን አስተማማኝ እንዳልሆነ ገልጿል። በመሆኑም መሸፈኛው ብቻውን እግር አያድንም። የደም ዝውውሩ መመርመር፣ እግሩ ከክብደት ማረፍ፣ ስኳሩም መስተካከል አለበት። እግሩ ስለደነዘዘ ሕመም የማይሰማው ሰው ቁስሉ የዳነ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ፋርማሲ ገብተው “ጥሩ ጄል ስጠኝ” ከማለትዎ በፊት ሐኪምዎን ወይም ነርስዎን “ቁስሌ ደረቅ ነው ወይስ እዥ የሚበዛው? በስንት ቀን ይቀየር?” ብለው ይጠይቁ። ለባሕር ምግብ አለርጂ ካለብዎም ይንገሯቸው። መቅላት፣ እብጠት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይሂዱ።