ከአንጎል በታች ያለ እርምጃ

የፋሲካ ዶሮ አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ክንፏን ስታርገበግብና እግሯን ስታፈራግጥ ያላየ ሐበሻ ጥቂት ነው። እናቴ «ነፍሷ እየወጣች ነው» ትለን ነበር። ዛሬ ላስ ቬጋስ ውስጥ ህብለሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችን ማራመድ ሥራዬ ነውና፣ ያ መፈራገጥ ለምን ምት እንዳለው አውቃለሁ።

ህብለሰረሰር ያለ አንጎል ትእዛዝ የእርምጃን ምት ማመንጨት እንደሚችል በማስረጃ ያሳየው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግርሃም ብራውን ነው። በዘመኑ ገናና የነበረው ቻርልስ ሸሪንግተን እርምጃን የሚያመነጨው ከእግር የሚመጣ ስሜት እንደሆነ ያምን ነበር። ብራውን ግን እ.ኤ.አ. በ1911 የድመትን ህብለሰረሰር ከአንጎል ለየ፤ ከእግር ስሜት የሚያመጡትንም ነርቮች ቆረጠ። የቁርጭምጭሚቱ ጡንቻዎች ያም ሆኖ ተራ በተራ ይኮማተሩ ነበር። እሱ እንዳለው ህብለሰረሰር ውስጥ እግር የሚያጥፉና የሚዘረጉ ሁለት የነርቭ ሴል ቡድኖች አሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላውን ያፍናል፣ ሲደክም ያኛው ይረከበዋል።

ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሰሚ አጣ። በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ አንደርስ ሉንድበርግና ኤልዝቢየታ ያንኮውስካ አነሡት። በ1980ዎቹ ደግሞ ሞንትሪያል ላይ ሰርጅ ሮሲኞልና ሁግ ባርቦ ህብለሰረሰራቸው የተቆረጠ ድመቶችን ትሬድሚል ላይ አሠልጥነው የኋላ እግራቸውን አስረገጡ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ያንገበግቡኛል፤ ስንቱ ተጎጂ «ዊልቸርህን ልመድ» ተብሎ ብቻ ወደ ቤቱ ተሸኝቷል!

ላስ ቬጋስ የህብለሰረሰር ጉዳትን የምታውቀው በሳም ሽሚት በኩል ነው። የመኪና እሽቅድድመኛው በ1999 እዚሁ አሸነፈ፤ በጥር 2000 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲለማመድ ተጋጭቶ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ቢሆንም ለሽባነት ምርምር ድርጅት አቋቋመ፤ በ2016 ኔቫዳ በጭንቅላቱ እንቅስቃሴና በትንፋሹ ለሚነዳው መኪና ፈቃድ ሰጠችው።

የእኛ ሥራ ግን ዝግ ያለ ነው። ታካሚውን በማንጠልጠያ ቀበቶ ትሬድሚሉ ላይ እናቆማለን። አንዳችን ከኋላ ዳሌውን ይይዛል፤ ሁለታችን በግራና በቀኝ ዝቅ ብለን ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን እንመራለን። ክብደቱ እግሩ ላይ ሲያርፍና ጭኑ ወደ ኋላ ሲዘረጋ፣ አንዳንዴ እጄ ሳይገፋው እግሩ ወደ ፊት ይወረወራል። ያ መወርወር መዳን አይደለም፤ ለማንም ተነሥቶ እንደሚሄድ ቃል አልገባለትም። ሁሉም ጉዳት አንድ አይደለም፤ ውጤቱን የሚወስነው ከአንጎል የሚወርደው መንገድ ምን ያህል እንደተረፈ ነው።

በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ በተሰየመው ሰፈራችን የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ ታክሲ የምታሽከረክሩ፣ ከናንተ መካከል አደጋ የደረሰበት ካለ ቤት ከመዋሉ በፊት ሐኪሙን «በማሽን የሚደረግ የመራመድ ልምምድ ለእሱ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁለት።