ቫይረስ በሕያዋን አመዳደብ ውስጥ ያለው ስፍራ

በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ «ቫይረስ ከእንስሳትም፥ ከዕፀዋትም፥ ከባክቴሪያም ወገን አይደለም» ብሎ ቢጽፍ፥ ስሕተት ነው ብዬ ነጥብ ነፈግሁት። በዚያን ጊዜ እኔ የማስተምረው ቫይረስ ከባክቴሪያ ሁሉ ያነሰ ባክቴሪያ ነው እያልሁ ነበር። ከሁለታችን ማን እንደ ተሳሳተ የነገሩ ታሪክ ይፈርዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1735 ባሳተመው መጽሐፍ ተፈጥሮን በእንስሳት፥ በዕፀዋትና በማዕድናት ከፈለ። ቫይረስ ገና ስላልታወቀ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

የቫይረስ ምርምር የተጀመረው በትምባሆ ቅጠል ነው። በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ ቅጠሉን በሚያዥጐረጕር በሽታ የተያዘውን ትምባሆ ጨምቆ፥ ባክቴሪያን በሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ አሳለፈው። ዳሩ ግን የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል አሳመመ። በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ፥ ይህ ነገር በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ እንደሚባዛ ተመልክቶ ሕያው ፈሳሽ ነው አለ፤ በላቲን መርዝ ማለት በሆነው ቃልም ቫይረስ ብሎ ጠራው።

በ1935 አሜሪካዊው ዌንዴል ስታንሊ ይህንኑ ቫይረስ አጥርቶ መርፌ መሰል ክሪስታል አደረገው። ክሪስታሉ በውሃ ሲሟሟ ተክልን እንደ ቀድሞው ያሳምም ነበር። እንግዲህ እንደ ጨው የሚረጋ ነገር ሕያው ሊባል ይገባልን? ቫይረስ ሕዋስ የለውም፤ ምግብም አይመገብም። ነገር ግን ወደ ሕዋስ ከገባ በሕዋሱ መሣሪያ ራሱን ያባዛል፤ ከትውልድ ወደ ትውልድም ይለዋወጣል።

ሊቃውንቱ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። በ1966 በሞስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ የማይክሮባዮሎጂ ጉባኤ የቫይረስን ስያሜ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1971 ዴቪድ ባልቲሞር ቫይረሶችን በዘር ቁሳቸው ዓይነትና በሚባዙበት መንገድ ለያቸው። ከ2018 ወዲህም ቫይረሶች ከታላቁ ክፍል እስከ ዝርያ የሚወርድ የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ሆኖም ሁሉንም ከአንድ አባት የሚያወርድ ግንድ አልተገኘም።

«ያነሰ ባክቴሪያ» የሚለው የእኔ ትምህርትም ጨርሶ ወደቀ። በ1992 በእንግሊዝ አገር ከአንድ የውሃ ማቀዝቀዣ ማማ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ባክቴሪያ መስሎ የተገኘው ነገር፥ በ2003 ቫይረስ መሆኑ ተገለጠ፤ በመጠኑም ከአንዳንድ ባክቴሪያ ይበልጣል። ስለዚህ ቫይረስን ከባክቴሪያ የሚለየው ትንሽነቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

የሥራ ጓደኞቼ ሆይ፥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ሠንጠረዥ ሰው ለማስተዋል ያዘጋጀው መሣሪያ እንጂ ተፈጥሮ ራሷ አይደለችም። ሠንጠረዡን ስናስተምር፥ የማይገባበትንም ነገር አብረን እናሳይ። ያ ተማሪ ትክክል ነበር፤ ነጥቡ እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖብኛል።