«የምላሽ ጊዜ» ወይስ «የአንጎል ፍጥነት»?

ለአንድ ሙያ ስያሜ ከመውጣቱ አስቀድሞ የሙያው ታሪክ ሊመረመር ይገባል። የቋንቋን ክንውን በአንጎል ውስጥ ለማጥናት ለተማሪዎች የሚዘጋጁትን ሙከራዎች ወደ አማርኛ ስንመልስ የሚገጥመን ዋናው ችግር የቃል እጦት አይደለም፤ የተለካውንና ከልኬቱ የተገመተውን በአንድ ስም መጥራት ነው።

የጥናቱ መነሻ ሕመምተኞች ነበሩ። በ1861 እ.ኤ.አ. ፖል ብሮካ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም፣ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር እምብዛም መናገር ይሳነው የነበረን ሰው አስከሬን መርምሮ የአንጎሉ ግራ የፊት ክፍል ተጎድቶ አገኘው። «የንግግር ማእከል» የሚለው አነጋገር የተስፋፋው ከዚህ ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳት የሚያሳየው የጠፋውን እንጂ ጤነኛው አንጎል ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያከናውን አይደለም።

ይህን ለማወቅ ጊዜን መለካት አስፈለገ። ሆላንዳዊው ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተፈታኙ አስቀድሞ የሚያውቀውን ድምፅ መልሶ ሲጠራ የፈጀበትን ጊዜ፣ ከብዙዎች አንዱን ለይቶ ሲጠራ ከፈጀበት ቀነሰ፤ ልዩነቱንም የመለየትና የመምረጥ ጊዜ ነው አለ። የቅነሳ ዘዴ የምንለው ይህ ነው። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን አንድ ተግባር ሲጨመር ሌሎቹም ሊለወጡ ይችላሉ በማለት ተችተውታል።

ለተማሪዎች ሙከራ ይበልጥ የሚያመቸው አሜሪካዊው ጆን ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ተፈታኞቹ የ100 ባለቀለም አራት ማዕዘኖችን ቀለም ለመጥራት በአማካይ 63.3 ሴኮንድ ሲፈጅባቸው፣ ትርጉማቸው ከተጻፉበት ቀለም ጋር የማይስማማ 100 ቃላትን ቀለም ለመጥራት 110.3 ሴኮንድ ፈጅቶባቸዋል። በአንጻሩ ቃላቱን ማንበብ፣ በጥቁር ቀለም ከተጻፉት ይልቅ የዘገየው በ2.3 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ማንበብ ለለመደ ሰው ቃሉን አይቶ አለማንበብ እንደሚያስቸግረው ከዚህ እንረዳለን።

ሙከራው በአማርኛ ሲዘጋጅ መተርጎም ብቻ አይበቃም። «ቀይ» ሁለት ፊደል፣ «አረንጓዴ» ግን አምስት ፊደል ነው፤ ረዥሙ ቃል ለመጥራትም ጊዜ ይወስዳል። ስለሆነም በሚነጻጸሩት ዝርዝሮች ሁሉ እያንዳንዱ ቀለም እኩል ጊዜ መደጋገም አለበት። አንዱ «ሰማያዊ» ያለውን ሌላው «ብሉ» እንዳይለው ስሞቹ አስቀድመው ይወሰኑ። ከተፈታኞቹም እኩሌቶቹ በአንዱ ዝርዝር፣ የቀሩት በሌላው ይጀምሩ፤ አለዚያ ልምምድና ድካም ከውጤቱ ጋር ይቀላቀላሉ።

ወደ ስያሜው እንመለስ። ሰዓቱ የያዘው ከማየት እስከ መናገር ያለውን ጊዜ በሙሉ ነው፤ በውስጡ የዓይንም የአንደበትም ድርሻ አለበት። «የአንጎል ፍጥነት» ብለን ከተረጎምነው ተማሪው ያልለካውን ለካሁ ብሎ ይጽፋል፤ ጥፋቱም የተርጓሚው ይሆናል። «ግብረ መልስ» እንዳንለው ደግሞ ቃሉ ለተሰጠ ሥራ የሚመለስን አስተያየት ለመግለጽም ስለሚያገለግል ያሻማል። ስለዚህ ለሚለካው «የምላሽ ጊዜ»፣ ለሚገመተው «የአእምሮ ክንውን» የሚሉት ሁለት ስያሜዎች ተለያይተው እንዲሠራባቸው በበኩላችን እናሳስባለን።