የ1967 ክረምትና ያልመጣው የሲኒማ ወቅት

ሐምሌ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» በአሜሪካ በአንድ ቀን ለሕዝብ ቀረቡ። «ባርቢ» ብቻውን በዓለም ዙሪያ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ሐምሌ በአሜሪካ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ሙቀቱ ያየለበት፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸውን ፊልሞች የሚያወጡበት ወር ነው። ሐምሌ ለእኛም ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር ነው። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀይሌ ጋርመንት፣ በለቡና በጀሞ ሰፈሮች ያለው ታዳጊ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይከርማል። ሆኖም የአማርኛ ፊልም ክረምትን የራሱ ገበያ አድርጎት አያውቅም። ለምን ሲባል መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ዝናብ ነው፣ ጾም ነው፣ ስልክ ነው፣ የፊልሞቹ ጥራት መውረድ ነው። እያንዳንዱ መልስ ጥቂት እውነት አለው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው ብዬ እሟገታለሁ። የሲኒማ ወቅትን የሚፈጥረው ለተመልካቹ ደጅ የቀረበ አዳራሽ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ ዳር ስትሰፋ አዳራሾቿን መሀል ከተማ ትታ ነው የሄደችው።

ይህ ከየትም በላይ ጥርት ብሎ የሚታየው በ1967 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ 13 ቀን የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» በሰሜን አሜሪካ ከ400 በሚበልጡ አዳራሾች በአንድ ጊዜ መታየት ጀመረ። ከዚያ በፊት ትልቅ ፊልም የሚጀምረው በጥቂት የታወቁ አዳራሾች ሆኖ ቀስ በቀስ ወደየከተማው ይወርድ ነበር። «ጆውስ» ግን ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን አጥለቅልቆ፣ በየሰፈሩ ባለ አዳራሽ በአንድ ቀን ደረሰ፤ ዛሬ የምናውቀው የሆሊዉድ የሐምሌ ገበያ የተተከለው ያኔ ነው። በዚያው ክረምት ነሐሴ 9 ቀን በቦምቤይ «ሾሌይ» የተባለው የሕንድ ፊልም ወጣ። ወቅቱ ከተማዋን ዶፍ የሚያጥለቀልቃት የሞንሱን ወቅት ነው። «ሾሌይ» አጀማመሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት አዳራሾቹን ሞላ፤ ሚኔርቫ በተባለው ሲኒማ ቤት ብቻ ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። በሁለቱ ፊልሞች መካከል፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ በአዲስ አበባ አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሌላው ዓለም የክረምቱን የፊልም ገበያ በሚያደራጅበት ጊዜ እኛ አዳራሽ የሚሠራውን ባለሀብት ከከተማችን አስወጣን።

አዋጁ የመጣበትን ምክንያት እዚህ ላይ አልሞግትም። የጥቂት ባለርስቶች የነበረችውን ከተማ ለሕዝብ እናድርግ የሚለው ጥያቄ ጽኑ መሠረት ነበረው፤ የድሃውንም የቤት ኪራይ ቀንሶለታል። ለሲኒማው ያስከተለውን ግን ማየት ይገባል። በቀጣዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 76 የግል ካፒታልን ገደበ፤ ለኢንዱስትሪ የተፈቀደው ጣሪያ 500,000 ብር ነበር። ቦታው የመንግሥት፣ ትርፍ ቤቱ የመንግሥት፣ ካፒታሉም የተገደበ ከሆነ አዲስ ሲኒማ ቤት የሚገነባ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከተማዋ ባላት ቀጠለች። ያላት ደግሞ መሀል ላይ የተከማቸ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ያለው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት የቆመው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። ቀጥለው የመጡት ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ፒያሳ፣ ሲኒማ ራስ መርካቶ ነበሩ፤ አምባሳደርና ከአንድ ሺህ በላይ ወንበር ያለው ብሔራዊ ቴአትርም ከመሀል ከተማው አልራቁም። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?»፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ሲወጡ ይህ አቀማመጥ ችግር አልነበረም። ከጉለሌም ከቂርቆስም የሚነሳ ሰው በእግሩ ወይም በአንድ አውቶቡስ ይደርስ ነበር። ከተማዋና አዳራሾቿ ገና ተመጣጥነው ነበርና።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የማታውን ትርኢት አሳጠረ፤ የሕንድና የሶሻሊስት አገሮች ፊልሞች ሸራውን ሞሉት። መንግሥት ያቋቋመው የፊልም ማዕከል፣ በኋላም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን፣ በአብዛኛው ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ቆየ። አንድ በጎ ነገር ግን ነበር። ብዙው ቀበሌ አዳራሽ ነበረው፤ ስብሰባውም፣ የኪነት ቡድኑ ልምምድም፣ አልፎ አልፎ ፊልሙም እዚያ ይስተናገዱ ነበር። አዳራሹ ለሲኒማ የተሠራ ባይሆንም በሰፈር መሀል ያለ፣ ሰው በእግሩ የሚደርስበት ቤት ነበር። የሚታየው ነገር ፖለቲካ የተጫነው ስለነበር ብዙዎች አዳራሹን በምሬት ያስታውሱታል። የአዳራሹ ቦታ ግን ትክክል ነበር፤ በኋላ ከተማዋ ስትስፋፋ ከምሬቱ ጋር ቦታውንም አብረን ጣልነው።

በ1990ዎቹ የተነሳው የአማርኛ ፊልም ማዕበል ለክርክሬ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ነው። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ሲወጣ የሌጎስ ሲኒማ ቤቶች ተዳክመው ስለነበር ፊልሙ በካሴት ተባዝቶ በገበያ ተሸጠ፤ ኖሊዉድ ያደገው በየሰዉ ሳሎን ውስጥ ነው። የእኛ ሠሪዎችም የያዙት ያንኑ ርካሽ የቪዲዮ ካሜራ ነበር። እነሱ ግን ፊልማቸውን በፕሮጀክተር አምባሳደርና ኢትዮጵያ አዳራሽ ውስጥ አሳዩት፤ ትኬት ቆረጡ፤ ገቢውን ከአዳራሹ ጋር ተካፈሉ። «ሄርሜላ»ን፣ «የወንዶች ጉዳይ»ንና የቴዎድሮስ ተሾመን «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሰው ያያቸው ተሰልፎ ነው። ይህ የሆነው አሮጌዎቹ አዳራሾች ስላልፈረሱ ነው። ገንዘቡ ሲታይ የግል ባለሀብት ተመለሰ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሲኒማን፣ ቴዎድሮስ ተሾመ ሴባስቶፖልን ከፈቱ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ የሆሊዉድን አዳዲስ ፊልሞች ማሳየት ጀመረ። ከዚህ የምረዳው አዳራሽ ፊልምን እንደሚወልድ፣ የወለደው ፊልም ደግሞ ሌላ አዳራሽ እንደሚያሠራ ነው። አዲሶቹን አዳራሾች ልብ ብሎ ላየ ግን ስማቸው የገነነው ያሉት በመሀል ከተማና በቦሌ ነው፤ መኪና ወዳለውና ደህና ገንዘብ ወዳለው ተመልካች የቀረቡ ናቸው።

ተመልካቹ በዚያው ሰዓት ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ወሰደ፤ ጀሞ ከትልልቆቹ ሳይቶች አንዱ ነው፤ በሀይሌ ጋርመንት ዙሪያም መኖሪያው በፍጥነት ሞላ። የኮንዶሚኒየም ግቢ እንዴት እንደታሰበ ለማየት በብሎኮቹ መካከል ያለችውን የጋራ መገልገያ ቤት መመልከት ይበቃል። ለድግስ ምግብ ይበሰልባታል፣ በግ ይታረድባታል፣ ልብስ ይታጠብባታል። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተከልሏል። ዕድርና ሠርግ ሳይዘነጉ፣ ሁለት መቶ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ነገር የሚያይበት ቤት አልታሰበም። ከሀይሌ ጋርመንት ፒያሳ ወይም ቦሌ ሄዶ የ11 ሰዓቱን ፊልም ማየት የፈለገ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ታክሲ ይቀያይራል፤ ሲመለስ መሽቷል፤ ሐምሌ ከሆነ ዝናቡ የታክሲውን ሰልፍ አርዝሞታል። አራት ሰው ሆኖ ለወጣ ቤተሰብ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በ1957 አንድ አውቶቡስ የበቃው መዝናኛ ዛሬ ግማሽ ቀን የሚበላ ጉዞ ሆኗል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የዝናብና የጾም ነው። ክረምት ሰው ቤቱ የሚከተትበት፣ ነሐሴ ከገባ እስከ 15 ፍልሰታ የሚጾምበት ወቅት ነው ይባላል። ጾሙን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፤ ማንም ያንን ሁለት ሳምንት ለገበያ አይመኘውም። ዝናቡን ግን «ሾሌይ» መልሶታል። በቦምቤይ በዓመት ከ2,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል፤ አዲስ አበባ ወደ 1,200 ታገኛለች። አሜሪካዊውም በሙቀቱ ወራት ወደ አዳራሽ መጉረፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 የኒውዮርኩ ሪቮሊ የአየር ማቀዝቀዣ ካስገባ ወዲህ ነው፤ ከአየሩ የሚሸሸግበት ቤት ፈልጎ ነው የመጣው። ከዝናብ መሸሸግም እንዲያው ነው፣ ቤቱ ቅርብ ከሆነ። ለዚህ ምስክር የሚሆኑት በየሰፈራችን ያሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ናቸው። በሩ ላይ በጥቁር ሰሌዳ የጨዋታው ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል፤ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ወጣቱ ገንዘብ ከፍሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የእንግሊዝን ኳስ ያያል። በጭቃም በብርድም ይመጣል፤ ከቤቱ አምስት ደቂቃ ነዋ። የእንግሊዝ ሊግ ደግሞ ግንቦት ላይ ተዘግቶ ነሐሴ ላይ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ እነዚህ ቤቶች ዋና ሸቀጣቸውን ያጡበት፣ ተማሪውም ነፃ የሆነበት ጊዜ ነው፤ የአማርኛ ፊልም ሊገባበት የሚችል ክፍተት በየዓመቱ ይከፈታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ፊልሞቹ ራሳቸው ተመልካቹን አባረሩት የሚል ነው። አንድ ዓይነት የፍቅር ኮሜዲ ደጋግሞ መሥራት፣ ለምርቃቱ ምሽት እንጂ ለድርሰቱ አለመጨነቅ በእርግጥ ነበረ። ይሁንና በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር ያ «ሰለቸኝ» የተባለው ተመልካች ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን ማታ ማታ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ መከታተል ያዘ። የፍቅርና የቤተሰብ ታሪክ ቢሰለቸው ኖሮ መቶ ክፍል ያለውን ባልተከታተለ ነበር። የታሪክ ጥማቱ እንዳለ ነው፤ የሚረካበት ቦታ ግን ወደ ቤት ገብቷል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉ ይህ ልማድ ጸና። ጥራትም ቢሆን ከአዳራሽ ተነጥሎ አይታይም፤ ፊልሙ በጥቂት አዳራሾች ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንደሚታይ የሚያውቅ ፕሮዲዩሰር ለድርሰትና ለልምምድ የሚያወጣው ብር ከየት ይመለስለታል?

ሦስተኛው፣ በዩቲዩብ ዘመን አዳራሽ ያረጀ ነገር ነው የሚለው ነው። «ባርቢ» 1.4 ቢሊዮኑን ያገኘው በዚሁ የስልክ ዘመን ነው። አሜሪካ ሩቅ ነው ከተባለ ናይጄሪያን እንይ። በካሴት ያደገው ኖሊዉድ እ.ኤ.አ. በ2004 ሌጎስ ውስጥ ሲልቨርበርድ ጋለሪያ ከተከፈተ ወዲህ ወደ አዳራሽ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የወጣው የፉንኬ አኪንዴሌ «ኤ ትራይብ ኮልድ ጁዳ» ከአንድ ቢሊዮን ናይራ በላይ ያስገባ የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ሆነ። የናይጄሪያ የፊልም ወቅት የፈረንጆቹ ታኅሣሥ፣ የገና ሰሞን ነው፤ ከራሳቸው በዓል ያወጡት እንጂ ከሆሊዉድ የቀዱት አይደለም። እኛ አዳራሽ ይዘን ጀምረን ነበር፣ እነሱ ያለ አዳራሽ፤ ዛሬ ቦታ ተለዋውጠናል።

ስለዚህ የራሳችንን ወቅት ለማቆም የሆሊዉድን ዘመን አቆጣጠር መዋስ አያስፈልግም። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያለው አንድ ወር የተማሪው ነው። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው፣ በእንቁጣጣሽ አልፎ እስከ መስቀል የሚደርሰው ሌላው ወር የቤተሰቡ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው እንደ ብሔራዊ ቴአትር ያለ ሕንፃ አይደለም። መቶ ሃምሳ ወንበር፣ ደህና ፕሮጀክተር፣ ንጹሕ ድምፅና አስተማማኝ ጄኔሬተር ያለው ትንሽ አዳራሽ በሀይሌ ጋርመንት፣ በጀሞ፣ በየትልልቁ የኮንዶሚኒየም ሳይት ቢኖር አንድ ፊልም እንደ «ጆውስ» በአንድ ቀን ብዙ ሰፈር ይደርሳል። ክፍለ ከተማው ቦታ ቢያመቻች፣ ባለሀብቱም ለሱቅ ከሚገነባው ወለል አንዱን ለአዳራሽ ቢያደርግ የሚከስር አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መምጣት አለበት፤ የተቆረጠው ትኬት ብዛት በየሳምንቱ ለሕዝብ ይነገር። አሜሪካኖች ስለ ሐምሌያቸው ይህን ያህል አስረግጠው የሚናገሩት ገቢው በየሳምንቱ ስለሚታወቅ ነው። የእኛ ፕሮዲዩሰርና የአዳራሽ ባለቤት ሒሳባቸውን በር ዘግተው ሲተሳሰቡ ኖረዋል፤ በዚህም የተነሳ ዝናብ ነው፣ ስልክ ነው፣ ጥራት ነው የሚለው ክርክር ሃያ ዓመት ሙሉ ዳኛ አጥቷል። በሀይሌ ጋርመንት የአንድ ሐምሌ የትኬት ቁጥር ይፋ ቢሆን ክርክሩ ይፈረድለታል፤ የተሳሳትኩት እኔ ከሆንኩም የሚረታኝ ያው ቁጥር ነው።