የአይብና የቅቤ ጥራት ዳኝነት፦ ለቀማሹና ለአምራቹ የሚያስገኘው ሙያዊ ጥቅም

በቆሼና በአካባቢው ገበያዎች ለሽያጭ የሚቀርብ ቅቤ ዋጋው የሚቆረጠው በገዥው አፍንጫና ምላስ ነው። ነጋዴው በጣቱ ቆንጥሮ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ በመዳፉ አሽቶ ያያል። ከዚያም «ለጋ»፣ «መካከለኛ» ወይም «በሳል» ብሎ ዋጋውን ይጠራል። ለምን ዝቅተኛ ደረጃ እንደ ሰጠው ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ለቀናት ወተት አጠራቅማ የናጠችው እናት የደረጃውን ምክንያት ካላወቀች ዋጋውን ለመከራከርም ሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ጉድለቱን ለማረም ትቸገራለች።

ይህን ክፍተት ከሚያጠቡ አሠራሮች አንዱ የምግብ ጥራት ውድድር ነው። ውድድር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው አሸናፊውንና ሽልማቱን ነው። በወንበር ተቀምጦ የሚቀምሰው ዳኛም ግን ከውድድሩ ይዞት የሚወጣው ሙያ አለ፤ ይህም ሙያ ወደ ቤቱ፣ ወደ ማኅበሩና ወደ ገበያው ይመለሳል።

ዳኝነቱ እንዴት ይካሄዳል?

በውድድሩ የሚቀርብ እያንዳንዱ ናሙና የአምራቹ ስም ተነሥቶለት በቁጥር ብቻ ይለያል። ዳኞቹ በመጀመሪያ መልኩን ይመለከታሉ፤ ቀጥለው ያሸታሉ፤ ልስላሴውን በማንኪያ ይፈትሻሉ፤ በመጨረሻም ይቀምሳሉ። በናሙናዎች መካከል አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጣሉ። ነጥብ ሲቀንሱም ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራሉ።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሚካሄደው የዓለም የቺዝ ሻምፒዮና እያንዳንዱ ናሙና በ100 ነጥብ ይጀምራል፤ ለሚገኝበት ጉድለት ሁሉ ነጥብ ይቀነስበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በብሪታኒያ የተመሠረተው የዓለም የቺዝ ሽልማት ደግሞ በ2024 በፖርቱጋል ቪዜው ከተማ ሲካሄድ ከ4 ሺህ 700 በላይ ናሙናዎች በቡድን በተደራጁ ዳኞች ተቀምሰዋል።

ለቅቤም የተለየ መመዘኛ አለ። በአሜሪካ ለረዥም ዘመን ያገለገለው የነጥብ ካርድ ከ100 ውስጥ 45ቱን ለጣዕምና ለሽታ፣ 25ቱን ለአካሉና ለልስላሴው፣ 15ቱን ለቀለም፣ 10ሩን ለጨው፣ 5ቱን ለአያያዝና ለማሸጊያ ይሰጥ ነበር። የሀገራችን ለጋ ቅቤ ጨው ስለማይገባበት ካርዱ እንዳለ አይወሰድም። ሆኖም ከነጥቡ ግማሽ ያህሉ ለጣዕምና ለሽታ መመደቡ የቆሼ ነጋዴ በአፍንጫው የሚያደርገውን ምዘና ወደ ወረቀት ያወረደ ነው።

ከቡናው የሚገኝ ትምህርት

በኢትዮጵያ የቅምሻ ሙያ ጎልቶ የተደራጀው በቡና ዘርፍ ነው። የሠለጠኑ ቀማሾች በቤተ ሙከራ ናሙና እየቀመሱ ደረጃ ያወጣሉ፤ ሙያቸውም በላኪ ድርጅቶች፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በጥራት ምርመራ ማዕከላት ይፈለጋል።

«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተሰኘው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር እ.ኤ.አ. በ2020 (በ2012 ዓ.ም.) ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር የንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ተሽጧል። ይህ ቡና ከብዙ መቶ ናሙናዎች መካከል ተለይቶ የወጣው ስም ሳያዩ ደጋግመው በቀመሱ ዳኞች ነው። አይብና ቅቤ እንደ ቡና ረዥም ጉዞ ስለማይችሉ ተመሳሳይ ዋጋ አይጠበቅባቸውም። የሠለጠነ ምላስ የተሻለውን ምርት ለይቶ ለአምራቹ ሲመሰክር ዋጋ እንደሚለወጥ ግን የቡናው ተሞክሮ ያሳያል።

ዳኛው ምን ያተርፋል?

*የሠለጠነ ምላስ።* አንዲት ባለሙያ በቤቷ ዘወትር የምትቀምሰው የራሷን አይብ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱን ትለምደዋለች። በዳኝነት ወንበር ግን በአንድ ረፋድ የብዙ ቤቶችን ሥራ ጎን ለጎን ታነጻጽራለች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 በተጀመረው የኮሌጅ ተማሪዎች የወተት ተዋጽኦ ዳኝነት ውድድር፣ ተማሪዎቹ የሚሸለሙት የሰጡት ነጥብ ነባር ባለሙያዎች ከሰጡት ጋር በመቀራረቡ ነው። ይህም ቅምሻ በልምምድ የሚገኝ ሙያ መሆኑን ያመለክታል።

*የጋራ ቋንቋ።* «አልወደድኩትም» የሚል አስተያየት አምራቹን አይረዳም። «አጓቱ በደንብ አልተንጠፈጠፈም»፣ «ጭሱ በዝቷል»፣ «የበረት ሽታ አለው» የሚል ግን የሚታረመውን ነገር ይጠቁማል። ዳኛ ምክንያቱን እንዲጽፍ ስለሚገደድ ጉድለትን ከነመነሻው መሰየም ይለምዳል።

*የሌሎችን አሠራር ማወቅ።* ውጤቱ ከተገለጠ በኋላ ዳኞችና አምራቾች ሲወያዩ ዕቃ እንዴት እንደታጠነ፣ እርጎው ስንት ቀን እንደቆየ፣ አሬራው ምን ያህል እንደሞቀ ይነሣል። አንዱ ቤት ለዓመታት የደረሰበትን ዘዴ ሌላው በአንድ ቀን ይሰማል።

*ተአማኒነትና ሥራ።* ዳኝነት ራሱ የሚከፈልበት አበል ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ነገር ግን የወተት መሰብሰቢያ ማዕከላት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የወተት ማቀነባበሪያዎችና ቅቤና አይብ በብዛት የሚገዙ ክትፎ ቤቶች ጥራት የሚለይ ሰው ያስፈልጋቸዋል። በዳኝነት የታወቀ ሰው ለዚህ ሥራ ይታመናል፤ የግብርና ባለሙያም ከሆነ የሚሰጠው ምክር ክብደት ያገኛል።

በአይብና በቅቤ ላይ ምን ይታያል?

አይብ የሚሠራው እርጎ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ ቀስ ብሎ ሲሞቅና አጓቱ ሲለይ ነው። በኢትዮጵያ የወተት አሠራር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ እንደሚገኝ፣ ማሞቂያው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢለያይም የምርቱ መጠን እምብዛም እንደማይለወጥ ያሳያሉ። ሙቀቱ ሲበዛ የሚለወጠው ጣዕሙ ነው፤ አይቡ የተቀቀለ ጣዕም ያመጣል።

ጤናም እዚህ ላይ ይገባል። የ40 ዲግሪ ሙቀት በጥሬ ወተት የሚተላለፉ እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎችን ተሕዋስያን ለመግደል አይበቃም። ወተትን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት የታወቀ የማከሚያ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዳኛ ለስላሳነትን ብቻ አይፈልግም፤ ወተቱ ከጤነኛ ላም መታለቡንና አያያዙን ጭምር ይጠይቃል።

ቅቤ ደግሞ ሽታን በቀላሉ ይስባል። በዛላ በርበሬዋ በምትታወቀው ማረቆ፣ ቅቤና በርበሬ በአንድ ጓዳ ሲቀመጡ የበርበሬው ጠረን ወደ ቅቤው ሊገባ ይችላል። የወይራ ጢስ በልኩ ሲሆን የሚወደድ መዓዛ ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን የቅቤውን ጣዕም ይሸፍናል። ሳይታጠብ የቀረ አሬራ ቅቤውን ያጎመዝዛል፤ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

ጥንቃቄዎች

ዳኛ የራሱን፣ የቤተሰቡን ወይም የደንበኛውን ምርት መዳኘት የለበትም። ከቅምሻ በፊት በርበሬ፣ ቡና፣ ሲጋራና ሽቶ ይከለከላሉ፤ ጉንፋን የያዘው ሰውም ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። ምላስ ስለሚደክም ናሙናዎቹ በዙር ይከፋፈላሉ፤ በመካከሉም ዕረፍት ይደረጋል።

የዳኝነት ወሰንም መታወቅ አለበት። ቅቤ ከአትክልት ቅባት ወይም ከሌላ ባዕድ ነገር ጋር መቀላቀሉን የሠለጠነ ምላስ ሊጠረጥር ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ግን የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው። በቅምሻ ብቻ አንድን ሻጭ አጭበርባሪ ማለት ተገቢ አይደለም።

በቆሼ ደረጃ ለመጀመር

እንዲህ ያለ ውድድር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ቁጥር የተለጠፈባቸው ንጹሕ ዕቃዎች፣ ማንኪያ፣ የሚጠጣ ውሃና የነጥብ ወረቀት ይበቃሉ። በዳኝነቱ በአይብና በቅቤ ሥራ የተመሰገኑ ሁለት እናቶች፣ አንድ የእንስሳት ሀብት ባለሙያ፣ አንድ የክትፎ ቤት ባለቤትና አንድ የቅቤ ነጋዴ ቢቀመጡ አምራች፣ ባለሙያና ገዥ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። ነጋዴው በገበያ የማይናገረውን ምክንያት እዚህ መጻፍ ይኖርበታል።

ጊዜውም ከገበያው ጋር ሊጣጣም ይገባል። በ55 ቀናት የዐቢይ ጾም የወተት ተዋጽኦ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ከመስቀል በዓል በፊት ግን በአካባቢው ቤቶች ቅቤ የሚጠራቀምበትና ገበያው የሚደምቅበት ወቅት ነው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት ምርትን ለማሳደግ ለሚሠሩ ማኅበራትም ውድድሩ የምርት መጠንን ብቻ ሳይሆን ጥራትን የሚለኩበት መንገድ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የነጥብ ወረቀቱ ከእነምክንያቱ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ መመለስ አለበት። ያላሸነፈችው እናት ቅቤዋ አምስት ነጥብ ያጣው አሬራው በደንብ ስላልታጠበ መሆኑን ካነበበች፣ ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ምን ማስተካከል እንዳለባት ታውቃለች።